ሄሪኬን ተራራ ሲወጣ፦ ከባሕር የራቁ ትንንሽ ከተሞች ነዋሪዎቻቸውን መቼና ወዴት ያውጡ?

የአትላንቲክ የሄሪኬን ወቅት በየዓመቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። ወቅቱ በመጣ ቁጥር በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች አንድ ያልተቋጨ ክርክርም አብሮ ይመለሳል። በሴፕቴምበር 2024 ሄሪኬን ሄሊን በኖርዝ ካሮላይና ብቻ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የነበሩት ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀው በሚገኙት የግዛቲቱ ምዕራባዊ ተራሮች ነው። ከዚያ ወዲህ ከፊሉ ሰው «ማንም አላስጠነቀቃቸውም» ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ «ተነግሯቸው እምቢ አሉ» ይላል።

ሁለቱም አባባሎች የችግሩን መሃል ይስታሉ። ትንበያው ነበር፤ ትክክልም ነበር። የብሔራዊ የሄሪኬን ማዕከል አውሎ ነፋሱ ገና ባሕር ላይ ሳለ በደቡባዊ አፓላቺያን ተራሮች አደገኛ ደራሽ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት እንደሚኖር ደጋግሞ ገልጿል። አካባቢውን የሚከታተለው የአየር ሁኔታ አገልግሎት ቢሮም በሴፕቴምበር 26፣ ጎርፉ ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት፣ የሚመጣው በዘመናችን ከታዩት ሁሉ ከከፉት አንዱ እንደሚሆን ጽፎ ነበር። በብዙ ቦታ የጎደለው ይህን ትንበያ «እናንተ በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ በዚህ ሰዓት፣ ወደዚያ ኮረብታ ውጡ» ወደሚል ትእዛዝ የሚለውጥ ዕቅድ ነው። ከዚህ በታች የምንመለከተው ያ ዕቅድ ለምን ከባድ እንደሆነና ምን መምሰል እንደሚችል ነው።

ዝናቡ ለምን ተራራው ላይ በዛ?

ሄሊን በሴፕቴምበር 26 ምሽት ከፍሎሪዳዋ ፔሪ ከተማ አቅራቢያ ወደ የብስ ሲገባ 4ኛ ምድብ ሄሪኬን ነበር፤ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ከዚያ በጆርጂያ በኩል ወደ ሰሜን ሲገሰግስ እየደከመ ሄደ። ሄሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ስለሆነ የብስ ሲረግጥ ይዳከማል የሚለው ዕውቀት በሰፊው ይታወቃል፤ ትክክልም ነው። የሚዳከመው ግን በዋናነት ነፋሱ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተሸከመው እርጥበት አብሮት ይጓዛል።

ያ እርጥብ አየር የአፓላቺያን አካል የሆኑት የብሉ ሪጅ ተራሮች ሲደርስ ማለፍ የሚችለው ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ ይለቃል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ተበትኖ ሊዘንብ የሚችለው ውሃ በጥቂት ተዳፋቶች ላይ ተጠራቅሞ ይወርዳል። ቢዚክ በተባለች የተራራ መንደር በሄሊን ሰሞን የተለካው ዝናብ 782 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ሁለት ሦስተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወረደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ በሕዝብ ንግግር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጉዳይ አለ። ዝናቡ የጀመረው ሄሊን ከመድረሱ በፊት ነው። አውሎ ነፋሱ ገና ባሕረ ሰላጤው ላይ እያለ የላከው እርጥበት በአካባቢው ቆሞ ከነበረ የአየር ግንባር (ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር የሚገናኙበት ድንበር) ጋር ተገናኝቶ በሴፕቴምበር 25 እና 26 ከባድ ዝናብ አዘነበ። የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ይህን ቀዳሚ ዝናብ ይሉታል። ሄሊን ራሱ ዓርብ ሴፕቴምበር 27 ንጋት ላይ ሲደርስ አፈሩ ጠግቦ፣ ጅረቶቹም ሞልተው ነበር የጠበቁት። የተጨመረው ውሃ የሚሰርግበት ቦታ አልነበረውም። ተዳፋቶችም ራሳቸው መቆም አቃታቸው፤ ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም በአካባቢው ከ2,000 በላይ የመሬት መንሸራተቶችን መዝግቧል።

ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም። በጁላይ 1916 በዚያው አካባቢ ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ የመጣው አንድ አውሎ ነፋስ አፈሩን ካራሰ በኋላ ሁለተኛው ከቀናት በኋላ ሲከተል ነው። በ2004 ፍራንሲስ እና አይቫን የተባሉት ሄሪኬኖች በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው አልፈዋል፤ ሁለተኛው ሲያልፍ ፒክስ ክሪክ በተባለ ስፍራ ከተራራ የወረደ ናዳ አምስት ሰዎችን ገደለ። በሦስቱም ጊዜ ከፍተኛውን ጉዳት ያደረሰው በጠገበ አፈር ላይ የመጣው ሁለተኛው ዝናብ ነው። ስለዚህ ለአንዲት ትንሽ የተራራ ከተማ «ምን ያህል ሊዘንብ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ «እስካሁን ምን ያህል ዘነበ?» የሚለውም እኩል ክብደት አለው።

የውሃው ከፍታ ምን እንደደረሰ ሁለት ልኬቶች ያሳያሉ። በአሽቪል ከተማ የፍሬንች ብሮድ ወንዝ 7.5 ሜትር ገደማ ደረሰ፤ የ1916ቱ ክብረ ወሰን 7 ሜትር አካባቢ ነበር። ገባሩ የስዋናኖዋ ወንዝ ደግሞ በቢልትሞር ሰፈር ወደ 8 ሜትር ተጠጋ፤ በ1916 ግን ከ6.3 ሜትር አላለፈም ነበር። ትልቁ ወንዝ የድሮውን ወሰን በግማሽ ሜትር ሲያልፍ ትንሹ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አለፈው። አያቶቻቸው ስለ 1916 የነገሯቸው ሰዎች እንኳ፣ ያኔ ውሃው ያልደረሰበት ቤት ውስጥ በመሆናቸው ብቻ ደህና ነን ማለት አይችሉም ነበር።

የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻስ? አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን የሄሊን ዝናብ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት በ10 በመቶ ገደማ እንደጨመረ ገምቷል። 10 በመቶ ትንሽ ይመስላል። አፈሩ ከጠገበ በኋላ የሚመጣው ጭማሪ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ወንዝ የሚገባ ነው። በአንጻሩ የ1916 ታሪክ እንደሚያሳየው ያለ ለውጡም ቢሆን ይህ ሸለቆ አደገኛ ነው፤ ለዕቅድ አውጪ ሁለቱም እውነቶች ያስፈልጉታል።

ምድቡ የሚናገረው ስለ ነፋስ ነው

ሄሪኬኖች ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ምድብ ይለካሉ። ይህ መለኪያ የሚመዝነው የነፋስን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ስለ ዝናብ የሚነግረን ነገር የለም። በ2018 ፍሎረንስ ወደ ኖርዝ ካሮላይና የገባው 1ኛ ምድብ ሆኖ ነው፤ ኤልዛቤዝታውን በተባለችው ከተማ ግን ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ አዘነበ። በኦገስት 2021 ሄሪኬን ሆኖ የማያውቀው የፍሬድ ቅሪት፣ ትሮፒካል ማዕበል (ከሄሪኬን ደከም ያለ አውሎ ነፋስ) እንኳ መሆኑ ካበቃ በኋላ፣ በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ባለው በሄይውድ ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ነው) ስድስት ሰዎችን በጎርፍ ገደለ። «ወደ ዝቅተኛ ምድብ ወርዷል» የሚለው ዜና ለባሕር ዳርቻ ነዋሪ እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ ለተራራ ነዋሪ ግን ምንም ማለት አይደለም።

የሞት ቁጥሮችም ይህንኑ ያሳያሉ። ከ1963 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ከእነዚህ አውሎ ነፋሶች ቀጥተኛ ሞት ውስጥ ግማሹን ያደረሰው ነፋሱ ወደ የብስ የሚገፋው የባሕር ውሃ፣ በእንግሊዝኛው ስቶርም ሰርጅ የሚባለው፣ ነበር። በዝናብ ጎርፍ የሞቱት ሩብ ገደማ ናቸው። ከ2013 እስከ 2022 ግን የዝናብ ጎርፍ ድርሻ 57 በመቶ ሲደርስ የባሕር ግፊቱ ወደ 11 በመቶ ወረደ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የባሕር ግፊት ትንበያና የባሕር ዳርቻ የመልቀቅ ዕቅድ መሻሻሉ ነው ተብሎ ይታመናል። የአስር ዓመት ቁጥር በአንድ ትልቅ አደጋ ሊዛባ ስለሚችል በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ያም ሆኖ አቅጣጫው ግልጽ ነው። በባሕር ዳር ላይ የተሠራው ሥራ ወደ ውስጥ ገና አልገባም።

የባሕር ዳርቻው ዕቅድ ተራራ ላይ ለምን አይሠራም?

የባሕር ዳርቻ ካውንቲዎች ሰፈሮቻቸውን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ በዞን ይከፍላሉ። ውሃው የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ነው፤ አውሎ ነፋሱ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ይታያል፤ አውራ ጎዳናዎቹም ወደ ውስጥ ይወስዳሉ። ስለዚህ «ዞን ኤ ዛሬ ማታ ይውጣ» ማለት ይቻላል።

በተራራ ከተማ ከእነዚህ አብዛኞቹ የሉም። ውሃው ከላይ፣ ከአስርና ከሃያ ጅረቶች በአንድ ጊዜ ይመጣል። መንገዶቹ ደግሞ የተሠሩት ብቸኛው ለጥ ያለ መሬት በሚገኝበት በወንዙ ዳር ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ከሁሉም በላይ አስቸጋሪው ነው፤ ከተማዋን ሊያድን የሚገባው መንገድ ከሁሉ ቀድሞ ይቆረጣል። ወደ ቴኔሲ የሚያሻግረው አውራ ጎዳና ኢንተርስቴት 40 ራሱ በፒጅን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ተደርምሶ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ሆኖ የተከፈተው በማርች 2025 ነው። 140 ያህል ነዋሪዎች ያሏት የቺምኒ ሮክ መንደርም የተዘረጋችው በወንዝና በገደል መካከል ባለ አንድ ዋና መንገድ ነው፤ ጎርፉ መንገዱንም ሱቆቹንም አብሮ ወሰደ።

በሰፊው ሕዝብን ማስወጣት የራሱ ሟቾችም አሉት። በ2005 ሄሪኬን ሪታ ወደ ቴክሳስ ሲቃረብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጡ። በዚያ ሽሽት ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህ ውስጥ 23ቱ ዳላስ አቅራቢያ አውቶቡሳቸው በእሳት የተያያዘባቸው የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች ነበሩ። በ2017 ሃርቪ ሲመጣ የሂዩስተን ከንቲባ ሲልቬስተር ተርነር ከተማው እንዲለቀቅ ያላዘዙት ይህንኑ በማስታወስ ነው። ውሳኔያቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። «ውጡ» ማለት ሁልጊዜ ከ«ቆዩ» የተሻለ ነው ብሎ መነሳት እንደማይቻል ግን ሪታ ያሳያል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ጊዜው ካለፈ በኋላ መውጣት ነው። በጁላይ 1987 ኮምፈርት በተባለች የቴክሳስ ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ከጓዳሉፔ ወንዝ ሙላት ወጣቶችን ከካምፕ ለማውጣት የተነሳ የተሽከርካሪ ጉዞ ራሱ በውሃው ተያዘ፤ አስር ወጣቶች ሞቱ። በአሜሪካ በደራሽ ጎርፍ ከሚሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከተሽከርካሪ ጋር በተያያዘ የሚሞቱ ናቸው። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ይወስዳል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ያንሳፍፋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ሲታይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ።

ወደ ላይ፣ በአጭር መንገድ፣ በጊዜ

እንግዲህ የተራራ ከተማ ዕቅድ መነሻው ሌላ ነው። ሕዝቡን ከተማዋን አስለቅቆ መቶ ኪሎ ሜትር መላክ አያስፈልገውም። በሸለቆው ወለል ላይ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሞት የሚለየው ጥቂት መቶ ሜትሮች የእግር መንገድና ከአስር እስከ ሃያ ሜትር ከፍታ ነው። በኮረብታ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ የጎረቤት ቤትም ቢሆን፣ ከሩቅ ከተማ ሆቴል ይልቅ ሊደረስበት ይችላል።

ይህን መናገር ቀላል ነው፤ መሥራቱ ግን ቤት ለቤት መሄድን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሰፈር የትኛው ከፍታ እንደሚቀርበው፣ ወደዚያ ለመድረስ ድልድይ ወይም ቦይ መሻገር እንዳለበት፣ ኮረብታው ራሱ ናዳ የሚያሰጋው መሆኑ መታወቅ አለበት። የመጨረሻው ነጥብ በጣም ይረሳል። ከወንዝ ሸሽቶ ገደላ ገደል ሥር ወይም የጅረት አፍ ላይ መጠለል አንዱን አደጋ በሌላ መቀየር ነው፤ በሄሊን ከወንዝ ርቀው የነበሩ ሰዎች በናዳ ሞተዋል። ኖርዝ ካሮላይና ለአንዳንድ የተራራ ካውንቲዎች የመሬት መንሸራተት ካርታ አዘጋጅታለች፤ የጎርፍ ካርታውና የናዳ ካርታው በአንድ ላይ ተነባብረው ካልታዩ መጠለያ መምረጥ አይቻልም።

የጊዜ ጉዳይም በወንዙ ስፋት ይለያያል። ከፍሬንች ብሮድ ዳር የተቀመጠችው፣ 800 የማይሞሉ ነዋሪዎች ያሏት የማርሻል ከተማ ከአሽቪል በታች ናት፤ ትልቁ ወንዝ ላይኛው መለኪያ ላይ ሲሞላ ታችኛው ከተማ ለመዘጋጀት ሰዓታት አሏት። ከአንድ ተራራ የሚወርድ ጅረት አጠገብ ያለ ቤት ግን ያለው ደቂቃ ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ማስተላለፍ አንደኛውን ያለ ጊዜው ያስቸኩላል፤ ሌላኛውን ያዘገያል።

ውሳኔው በስንት ሰዓት ይሰጥ?

የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለደራሽ ጎርፍ ሦስት ደረጃዎች አሉት። «ዋች» ማለት ሁኔታው ለጎርፍ ተመቻችቷል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ማለት ጎርፉ ጀምሯል ወይም ሊጀምር ነው። «ኢመርጀንሲ» የሚታወጀው ለሕይወት እጅግ አስጊ ሁኔታ ሲፈጠር፣ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይጠብቃል። ለተራራ ከተማ ግን «ዋርኒንግ» ሲመጣ መኪና የሚነዳበት ጊዜ አልፎ ይሆናል፤ የቀረው ባሉበት ወደ ላይ መውጣት ነው። አረጋውያንና ሕሙማን፣ በተንቀሳቃሽ ቤቶችም የሚኖሩ ሰዎች መውጣት ያለባቸው በ«ዋች» ሰዓት፣ ገና ብርሃን ሳለና መንገዱ ደረቅ ሆኖ ነው።

በሄሊን ጊዜ በበርካታ ቦታዎች ከወንዝ ዳር የመልቀቅ ጥሪ የተሰማው ሐሙስ ማታና ዓርብ ንጋት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ተኝቷል፤ ጨለማ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መብራትም ስልክም ጠፋ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ሌላ ውጤት ይኖር ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም የማዘነብለው ወደዚያ ነው።

ተቃራኒው ክርክር ግን ቀላል አይደለም። የካውንቲ ኃላፊ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚያየው መጠነኛ ዝናብ ነው። ጎርፉ ባይመጣ የተዘጉ ሱቆች፣ የተስተጓጎሉ ሠራተኞችና የተቆጣ ሕዝብ ይጠብቁታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የሚሰማው ይቀንሳል። በተጨማሪም ተራራ ላይ ዝናቡ በየትኛው ሸለቆ እንደሚከፋ አስቀድሞ መለየት ከባድ ነው። ለዚህ የሚሰጠው የተሻለ መልስ ውሳኔውን ከአንድ ሰው ድፍረት ማላቀቅ ነው። የሁለት ቀኑ ዝናብ ይህን ያህል ከደረሰ፣ ትንበያውም ይህን ያህል የሚጨምር ከሆነ፣ እነዚህ መንገዶች ብቻ ይለቀቃሉ ተብሎ በደህናው ቀን ይጻፋል። የሚወጣው ሰው ጥቂት፣ የሚሄድበትም ቦታ ቅርብ ከሆነ፣ ባዶ ማስጠንቀቂያ የሚያስከፍለው ዋጋም ያንሳል።

በጁላይ 4 ቀን 2025 የደረሰው የቴክሳስ ጎርፍ ለዚህ ክርክር አዲስ ማስረጃ አምጥቷል። ባሪ የተባለ የትሮፒካል ማዕበል ቅሪት እርጥበት የቀላቀለበት ዝናብ በሌሊት የጓዳሉፔን ወንዝ በ45 ደቂቃ 8 ሜትር ያህል ከፍ አደረገው። በክልሉ ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሳይረን ባልነበረው በኬር ካውንቲ ነው። ቁልቁል በምትገኘው በዚያችው በኮምፈርት ግን የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ጓዶች ከተለያየ ቦታ ገንዘብ አሰባስበው ያደሱት ሳይረን ጮኸ፤ በከተማዋ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ሳይረኑ ብቻውን አዳናቸው ማለት አይቻልም፤ ኮምፈርት ከላይኞቹ ስፍራዎች የበለጠ ሰዓት ነበራት። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ድምፁ ሲሰማ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድመው ተነግሯቸው ነበር። ትርጉሙ ያልታወቀ ሳይረን ከሌሊት እንቅልፍ መቀስቀስ እንጂ ማዳን አይችልም።

ሮጠው መውጣት የማይችሉት

በቴኔሲ የምትገኘው ኤርዊን 6,000 ያህል ነዋሪዎች ያሏት ከተማ ናት። በሴፕቴምበር 27 የኖሊቸኪ ወንዝ የዩኒኮይ ካውንቲ ሆስፒታልን ከበበው፤ ከ50 በላይ ሕሙማንና ሠራተኞች ጣሪያ ላይ ወጥተው በሄሊኮፕተር ተረፉ። ሆስፒታሉ አሮጌ አልነበረም፤ በ2018 ነው ሥራ የጀመረው። አንድን ሆስፒታል ለማስወጣት አምቡላንሶች፣ ተቀባይ ሆስፒታልና ብዙ ሰዓታት ይጠይቃል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ተቋም ትክክለኛው የመልቀቅ ዕቅድ የሚጀምረው ቦታው ሲመረጥ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን ከሌላው ከተማ ሁሉ በፊት መንቀሳቀስ ግዴታው ይሆናል።

ድሃው ሕዝብም በብዛት የሚኖረው ዝቅ ባለው መሬት ነው። በስዋናኖዋ ዳር የነበሩ የተንቀሳቃሽ ቤቶች ሰፈሮች ውሃው ጠራርጓቸዋል። በእነዚህ ቤቶች የሚኖር ሰው መኪና ላይኖረው ይችላል፤ ከሥራ ከቀረ ደመወዙ ይቆረጣል፤ ሆቴል መክፈል አይችልም። «ተነግሯቸው እምቢ አሉ» የሚለው ፍርድ በዚህ ሰው ላይ ሲሰነዘር ፍትሐዊ አይመስለኝም። ነጻ መጠለያ፣ ማመላለሻ፣ ለቤት እንስሳትም ቦታ ካልተዘጋጀ ትእዛዙ የሚደርሰው መውጣት ለሚችለው ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያው በየትኛው ቋንቋ ይደርሳል?

ጉዳዩ አማርኛ ተናጋሪዎችንም በቀጥታ ይነካል። በአትላንታ፣ በሻርሎት፣ በናሽቪል፣ በሂዩስተንና በዳላስ ዙሪያ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ጭነት መኪና ይዘው በእነዚያ ተራሮች በኩል የሚመላለሱም አሉ። ከባሕር የራቀችው አትላንታ ራሷ በሄሊን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አግኝታለች፤ መመዝገብ ከጀመረ ከ1878 ወዲህ በሁለት ቀን ይህን ያህል ዘንቦ አያውቅም።

በስልክ ላይ በከፍተኛ ድምፅ የሚመጣው የመንግሥት የአደጋ መልእክት እስካሁን የሚላከው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2023 መልእክቶቹ ከእንግሊዝኛ ውጭ በ13 ቋንቋዎች አስቀድመው እንዲዘጋጁ ወስኗል፤ ዝርዝሩ ውስጥ አረብኛ፣ ሂንዲና የሄይቲ ክሪዮል አሉ፤ አማርኛ የለም። ይህ እስኪቀየር ድረስ ሸክሙ የሚወድቀው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና በማኅበረሰብ ድርጅቶች ላይ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆች ያሏቸው ቤተሰቦች «ፍላሽ ፍለድ ዋርኒንግ» (የደራሽ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ) የሚለው ቃል ስልክ ላይ ምን መልክ እንዳለው አስቀድመው ቢያሳዩአቸው ሌሊት ላይ ለውጥ ያመጣል። የአደጋ መልእክቶችን ስልክ ላይ ያጠፋ ሰው መልሶ ሊከፍታቸው ይገባል። ሄሊን የስልክ ማማዎችን በብዛት ከሥራ ውጭ ስላደረገ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም።

ካርታው፣ ኢንሹራንሱና መልሶ የመገንባት ጥያቄ

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለው ስያሜ ብዙ ሰው ያሳስታል። በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ማለት ነው። ቤት የገዛ ሰው ብድሩን በ30 ዓመት የሚከፍል ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የሚያገኘው ዕድል 26 በመቶ ይሆናል። የፌዴራል የአደጋ ሥራ አመራር ኤጀንሲ፣ ፌማ፣ የሚያወጣቸው ካርታዎች የሚያተኩሩት በወንዞችና በባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ በትንንሽ ጅረቶችና በከባድ ዝናብ የሚመጣውን ጎርፍ በአግባቡ አያሳዩም። ከካርታው ውጭ ያለ ሰው ኢንሹራንስ እንዲገዛ አይገደድም፤ አሽቪል ባለችበት ካውንቲ የጎርፍ ኢንሹራንስ የነበራቸው ቤቶች ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍን አይሸፍንም።

ከዚህ ተነስተው አንዳንዶች መፍትሔው ለጊዜው መልቀቅ ሳይሆን ለዘለቄታው መነሳት ነው ይላሉ፤ መንግሥት ወንዝ ዳር ያሉትን ቤቶች ገዝቶ ያፍርሳቸው፣ መሬቱ ለውሃው ይተውለት። ምክንያቱ ጠንካራ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ሸለቆው ከተለቀቀ ከተማዋ ራሷ ትጠፋለች ይላል፤ ተራራማ አካባቢ ለጥ ያለ ሌላ መሬት የለም፤ ግብሩም ሱቁም እዚያው ነው። ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን የመሠረቷት የኖርዝ ካሮላይናዋ ፕሪንስቪል በ1999 ሄሪኬን ፍሎይድ ካሰጠማት በኋላ የከተማው ምክር ቤት ቤቶቹ ይገዙ የሚለውን ሐሳብ ውድቅ አድርጎ በቦታው መገንባትን መረጠ። በ2016 ማቲው ሲመጣ እንደገና ሰጠመች። ውሳኔውን ስህተት ብሎ ማለፍ ግን ቦታው ለነዋሪዎቹ ምን እንደሆነ መዘንጋት ነው።

ገንዘቡም አስተማማኝ አይደለም። ፌማ ከአደጋ በፊት ለሚደረግ ዝግጅት ለአካባቢ መንግሥታት ይሰጥ የነበረውን ብሪክ የተባለ ፕሮግራም በኤፕሪል 2025 እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፤ ግዛቶችም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። ቤት ገዝቶ የማንሳት ሥራ ገንዘብ ሲኖርም እንኳ ከማመልከቻ እስከ ክፍያ ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ባለቤቶቹ የሚኖሩት ጭቃው በተጠረገበትና ግድግዳው በታደሰበት በዚያው ቤት፣ በዚያው ወንዝ ዳር ነው። ለእነሱ የሚያስፈልገው የመንገዶች ዝርዝር፣ የዝናብ መጠኑ ወሰን፣ የኮረብታው መጠለያና የቁልፍ ያዡ ስልክ ቁጥር የቤት ግዢውን ውሳኔ ሳይጠብቅ ከሚቀጥለው ጁን 1 በፊት ሊዘጋጅ የሚችል ነው።